የለቃ ጌቶችና የሩቅ ወዳጆች፤ በወለጋ ከተሞች ለመጽሐፍና ለትምህርት የተደረገ ድጋፍ ታሪክ

በጥንት የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ጸሓፊው የራሱን ስም ሲያነሣ ያጻፈውንም ሰው ስም አብሮ ያነሣል። ቀለም በጥብጦ የደከመውም፣ ፍየል አርዶ ብራና ያስፋቀውም፣ ለጸሓፊው ቀለብ የሰፈረውም በአንድ ምርቃት ይጠቀለላሉ። የማተሚያ መኪና ከመጣ ወዲህ ግን ይህ ልማድ እየሳሳ ሄደ። በሽፋኑ ላይ የደራሲው ወይም የተርጓሚው ስም ይታተማል፤ ወረቀቱን የገዛው፣ ለትምህርት ቤቱ ቦታ የሰጠው፣ መምህሩን ከከሳሽ የጠበቀው ሰው ግን በመጽሐፉ ውስጥ አይገኝም። ከዚህም የተነሣ የመጻሕፍት ታሪክ ያለ ገንዘብና ያለ እህል የተሠራ ይመስላል።

ወለጋ ይህን ጉድለት ለመመርመር የተመቸ አገር ነው። ከአሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በነቀምት፣ በቦጂና በአካባቢያቸው ባሉ ከተሞች የኦሮምኛ መጻሕፍትና አዲስ ዐይነት ትምህርት ቤቶች ታይተዋል። ይህ ሥራ የቆመው በሦስት ዐይነት ሰጪዎች ትከሻ ላይ ነው። አንደኛው ቦታና ጥበቃ የሰጠው የአገሩ ጌታ ነው፤ ሁለተኛው ገንዘብ የላከው ባሕር ማዶ ያለ ወዳጅ ነው፤ ሦስተኛው ጉልበቱን፣ ዕድሜውንና ከእናት ካባቱ የሰማውን ቃል የሰጠው የአገሩ ሰው ነው። የሁለቱ ስም በመዝገብ ቀርቷል። የሦስተኛው ግን አብዛኛው ተረስቷል፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ በተቋረጡ ጊዜ ሥራውን ያቆየው እርሱ ነበር። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመስጠት ልማድ

በኢትዮጵያ ትምህርትና ኪነ ጥበብ በምን ይተዳደሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት የጉልትና የሰሞን መሬት ነበራቸው። መሪጌታው፣ ደብተራውና ቄሱ እንደየአገልግሎታቸው ከዚያ መሬት ድርሻ ያገኙ ነበር። ሥዕል የሚያሥል፣ መጽሐፍ የሚያጽፍ፣ መስቀል የሚያሠራ መኰንን ወይም ወይዘሮ ለባለሙያው ድርጎ ይሰፍሩለታል፤ ሥራው ሲያልቅም ይሸልሙታል። አዝማሪ በጌታ አዳራሽ ዘፍኖ ልብስ ወይም ገንዘብ ይቀበላል። የቆሎ ተማሪ ደግሞ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ደርቦ ከደጅ ደጅ እየዞረ ቁራሹን ይለምናል። ልመናው የትምህርቱ ክፍል እንጂ ነውር ስላልሆነ ለማኙም ሰጪውም አያፍሩበትም። ቅኔና ዜማ፣ ድጓና ትርጓሜ ለብዙ ዘመን የኖሩት የመንደር ሴቶች ከሞሰባቸው ቆርሰው በሰጡት እንጀራ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በኦሮሞ ዘንድም የቃል ጥበብ የራሱ ማኅበራዊ መደገፊያ ነበረው። ጌራርሳ የጀግናውን ሥራ የሚያነሣው በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት ነው፤ ተረትና እንቆቅልሽ ማታ በእሳት ዙሪያ ከአያት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ቤት ለመሥራትም ሆነ እርሻ ለማረስ በአማርኛ ደቦ፣ በኦሮምኛ ዳቦ የሚባለው የጋራ ሥራ የታወቀ ነው። ደቦ የጠራ ሰው ለጎረቤቱ የሥራ ባለ ዕዳ ይሆናል፤ ዕዳውም የሚከፈለው በገንዘብ ሳይሆን በተራው እጁን በማበደር ነው።

እነዚህ ልማዶች ሁሉ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ሰጪውና ተቀባዩ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ የሚሰጠውም በአገሩ የሚገኝ መሬት፣ እህል፣ ከብት ወይም ጉልበት ነው። የታተመ መጽሐፍ ግን በእህልና በደቦ ብቻ አይገኝም። የእርሳስ ፊደል፣ ወረቀት፣ ማተሚያ መኪና፣ የመርከብ ኪራይ ያስፈልገዋል፤ ይህም ሁሉ ጥሬ ገንዘብ ይጠይቃል። በወለጋ ከሩቅ ሰጪ ጋራ መዋዋል የተጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። የሩቁ ሰጪ እስኪደርስ ድረስ በሩን ይዞ የቆየው ግን የቅርቡ ጌታ ነበር።

የለቃ ነቀምት ጌቶች

ለቃ ነቀምት በአሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ገደማ በበከሬ ጎዳና እጅ የተሰበሰበ አገር ነው። ልጃቸው ሞሮዳ በከሬ አገዛዙን አጠነከሩት። እ.ኤ.አ. በ1882 ራስ ጎበና በእምባቦ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ካደረጉ በኋላ የምዕራቡ አገር ወደ ምኒልክ አዘነበለ። ሞሮዳም መዋጋትን ትተው በመገበራቸው አገራቸው በራሳቸው እጅ ቀረ፤ ተጠመቁ፤ የደጃዝማችነትም ማዕርግ ተቀበሉ። በ1889 ሲሞቱ ልጃቸው ኩምሳ ሞሮዳ ተተኩ። ኩምሳ የክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር ሲሆን የክርስትና አባታቸው ዐፄ ምኒልክ ነበሩ።

የደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሥልጣን ሁለት ፊት ነበረው። ለአገራቸው ሰው የአባቶቻቸውን ወንበር የያዙ ጌታ ናቸው፤ ለአዲስ አበባ ግን ወርቅና የዝሆን ጥርስ በየጊዜው የሚያስገቡ ገባር ባላባት ናቸው። በነቀምት ቤተ መንግሥት የተከማቹት የአማርኛ ደብዳቤዎች ይህን ኑሮ በሰፊው ያሳያሉ። አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታአ እነዚህን ሰነዶች መርምረው ማሳተማቸው ለወለጋ ታሪክ ጥናት ትልቅ መሠረት ሆኗል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ትእዛዝ በአማርኛ ተጽፎ ይመጣል፤ መልሱም በአማርኛ ተጽፎ ይሄዳል። እንግዲህ ጽሕፈት ለነቀምት ጌታ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የአገዛዝ መሣሪያ ነበረ። የተማረ ሰው ማስጠጋት፣ ካህን ማስመጣት፣ ትምህርት ቤት መፍቀድ በለጋስነት ብቻ የሚገለጽ አይደለም። አገሩን በራሱ እጅ ለማቆየት የሚሻ ባላባት መጻፍና ማንበብ የሚያውቁ የአገሩን ልጆች ቢፈልግ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ስለዚህ ከሸዋና ከሌላም አገር የመጡ ካህናት በወለጋ ሲሰፍሩ፣ አብያተ ክርስቲያናትም ሲተከሉ፣ የሰሜኑ የመስጠት ሥርዐት አብሯቸው ገባ። ካህኑ ከአገሬው ሰው በሚገኝ ግብር ይተዳደር ነበር። የሚቀድሰው በግዕዝ፣ የሚያስተምረው በአማርኛ፣ የሚያስተዳድረው ምእመን ግን ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። ሰጪው የተሰጠለትን ነገር በራሱ ቋንቋ አይሰማውም ነበር። ከዚህ በኋላ የተነሣው ክርክር ሥሩ ከፊሉ እዚህ ላይ ነው።

የምንኩሉ ቤት

የኦሮምኛ መጻሕፍት የተዘጋጁት ከወለጋ እጅግ ርቆ በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ነው። የስዊድን ወንጌላዊ ማኅበር በ1856 የተቋቋመ ሲሆን የመጀመሪያዎቹን መልእክተኞች የላከው በ1865 ነው። ሐሳቡም ከመነሻው ወደ ኦሮሞ አገር መድረስ ነበር፤ ነገር ግን መንገዱ በሁሉ በኩል ተዘጋበትና በባሕሩ ዳር ቀረ። በዚያም ከባርያ ንግድ የተላቀቁ ልጆችን እየሰበሰበ ማስተማር ጀመረ።

ከነዚህ አንዱ ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው። በ1856 ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ ተወለዱ፤ ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ነበር። በልጅነታቸው ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጡ ምጽዋ ደረሱ። በ1870 የፈረንሣይ ምክትል ቆንስል የነበረው ስዊሳዊው ቬርነር ሙንዚንገር ነጻ አውጥቶ ለስዊድኖቹ ትምህርት ቤት ሰጣቸው። በ1872 ተጠመቁ፤ ኋላም ወደ ስዊድን ተልከው በዮሐንሰሉንድ አምስት ዓመት ተማሩ። ከዚያ ተመልሰው በሱዳን በኩል ወደ አገራቸው ለመግባት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ሁለተኛም ተነሥተው እስከ እንጦጦ ደረሱ፤ ዐልፈው እንዲሄዱ ግን ፈቃድ አላገኙም። ሁለት ጊዜ ከተመለሱ በኋላ በምንኩሉ ተቀምጠው መተርጐምን ያዙ።

ሁለተኛዋ አስቴር ጋኖ ናቸው። እርሳቸውም በልጅነታቸው ተሸጠው በመርከብ ሲወሰዱ በ1886 የጣልያን መርከብ አስጥሏቸው ወደ ምንኩሉ መጡ። ኦኔሲሞስ ከልጅነታቸው ጀምሮ በሌላ ቋንቋ መካከል ስላደጉ ኦሮምኛው ከቀን ወደ ቀን እየራቃቸው ይሄድ ነበር። የአስቴር ኦሮምኛ ግን ገና ያልደረቀ ምንጭ ነበር። ትርጕሙን ለማቃናት የረዳውን የቃላት መዝገብ ያዘጋጁት እርሳቸው ናቸው። ከዚህም በላይ 500 የሚደርሱ እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን ከአእምሯቸው እያወጡ ጻፉ።

አዲስ ኪዳን በ1893 በዚያው በምንኩሉ ታተመ። በ1894 የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ወጣ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ኦኔሲሞስ ራሳቸው እየተቆጣጠሩ በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። በዚያው ቦታ ከዚያ አስቀድሞ በ1876 ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በሸዋ ሰዎች ረዳትነት ያዘጋጀው የኦሮምኛ አዲስ ኪዳን ታትሞ ነበር። የኦኔሲሞስና የአስቴር ሥራ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ሲሆን፣ በግዕዝ ለሌለው የኦሮምኛ ድምፅ ዸ የተባለው ፊደል አገልግሏል።

ለዚህ ሁሉ ወጪ የሚሆነው ገንዘብ ከየት ይመጣ ነበር? በስዊድን የሚሲዮን ገንዘብ በአብዛኛው ከነገሥታትና ከባለጸጎች ግምጃ ቤት የወጣ አልነበረም። በየመንደሩ የተቋቋሙ ማኅበራት ነበሩ። ይልቁንም ሴቶች ለልብስ ስፌትና ለሹራብ ሥራ ይሰበሰባሉ፤ እየሠሩ ከሚሲዮን አገር የመጣ ደብዳቤ ይነበብላቸዋል፤ የሠሩት በጨረታ ይሸጣል፤ ገንዘቡም ለሥራው ይላካል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ለአንድ ባለጸጋ የሚከብደውን በብዙ ድኾች እጅ ማቅለል ማለት ይህ ነው።

በዚህ አሠራር ውስጥ ገንዘቡን የሚያስተሳስረው ደብዳቤው ነበር። የሰጪው ሴት ምንኩሉን አታየውም፤ ስለዚህ ምንኩሉ በጽሑፍ ወደ እርሷ ይሄዳል። ማኅበሩ በሚያሳትመው የሚሲዮን ጋዜጣ የሠራተኞቹ ደብዳቤዎች ይወጡ ነበር፤ የሞተው፣ የታመመው፣ የተመለሰው ይነገር ነበር። ከ1865 ጀምሮ በመንገድ መዘጋትና በሞት ምክንያት ወለጋ ሳይደረስ 30 ዓመት አለፈ። ፍሬ ሳይታይ ይህን ያህል ዘመን መስጠት ቀላል ነገር አይደለም። ያጸናቸው የተስፋው ታላቅነት ብቻ ሳይሆን የውድቀቱም ወሬ ሳይደበቅ መድረሱ እንደ ሆነ መገመት ይቻላል። ችግሩን የሰማ ሰጪ የሥራው ተካፋይ ይሆናልና።

የተሰጠበት ጉዳይና የተሠራው ሥራ

እዚህ ላይ በጥንቃቄ መታየት የሚገባው አንድ ነገር አለ። የስዊድን ወዳጆች የሰጡት ለቅዱስ መጽሐፍ ትርጕምና ለስብከት ነበር። ለእንቆቅልሽና ለተረት መሰብሰቢያ ተብሎ የወጣ ገንዘብ አልነበረም። ነገር ግን ቅዱስ መጽሐፍን የሚያነብ ሕዝብ አስቀድሞ ፊደል መቍጠር አለበት፤ ፊደል የሚቈጥር ልጅ ደግሞ የሚያውቀውን ቃል ቢያነብ ይቀናዋል። አስቴር ከጻፏቸው የአገር ቃላት ብዙዎቹ በ1894ቱ የንባብ መጽሐፍ የገቡት በዚህ በር ነው። ከኦሮሞ የቃል ሥነ ጽሑፍ በኦሮሞች እጅ ተሰብስቦ ከታተመው ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው ይህ ሥራ በትምህርት መጽሐፍ ስም ወደ ማተሚያ ቤት ገባ ማለት ነው።

በዚህም የተቀባዩ ብልኀት ይታያል። ሰጪው ዓላማውን ይዞ ይመጣል፤ ተቀባዩ ደግሞ ዓላማውን ሳይክድ ያሰፋዋል። አስቴርና ኦኔሲሞስ የተቀበሉትን ገንዘብ ለሌላ አላዋሉትም፤ ነገር ግን ከተሰጠበት ጉዳይ ጎን የራሳቸውን ጉዳይ አኖሩ። ዛሬ የታሪክ ተማሪ ያን የንባብ መጽሐፍ የሚፈልገው ይበልጡን ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ጉዳይ ነው።

በሌላ በኩል ግን የአስቴር ሥራ በስማቸው አልታወቀም። ትርጕሙ ለረጅም ዘመን የኦኔሲሞስ ብቻ ተብሎ ሲነገር ቈይቷል። ገንዘብ የሰጠ ሰው ስሙ በሒሳብ መዝገብ ይገባል፤ ቃል የሰጠች ሴት ግን መዝገብ አልተከፈተላትም። በወለጋ የድጋፍ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የከበደው ያልተከፈለ ዕዳ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

መጽሐፉ ወደ ነቀምት ሲገባ

በኦሮምኛ መጻሕፍት ወደ ወለጋ አስቀድመው የደረሱት ከሐማሴን የመጡት ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ናቸው። እርሳቸው በ1890ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በቦጂ ተቀምጠው ማስተማር ጀመሩ፤ በ1905 በእሳት ቃጠሎ ሞቱ። ኦኔሲሞስ ከቤተ ሰባቸውና ከአስቴር ጋራ በ1904 ወደ ወለጋ መጡ። መጀመሪያ በቦጂ ዐርፈው ኋላ ወደ ነቀምት ተዛወሩ። ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሏቸው፤ በነቀምትም ትምህርት ቤት ተከፈተ።

ሁለቱ የድጋፍ ዐይነቶች የተገናኙት በዚህ ቀን ነው። ስዊድን የሰጠችው መጻሕፍቱንና የመምህራኑን መተዳደሪያ ነበር፤ ነገር ግን ስዊድን በነቀምት አንድ ክንድ መሬት እንኳ ልትሰጥ አትችልም ነበር። ደጃዝማች መጽሐፍ የማሳተም ዐቅም አልነበራቸውም፤ ነገር ግን የእርሳቸው በጎ ፈቃድ ከሌለ ትምህርት ቤቱ አንድ ክረምት እንኳ ባልቆመ ነበር። የሩቁ ወዳጅ ካለ ቅርቡ ጌታ መግቢያ የለውም፤ የቅርቡም ጌታ ካለ ሩቁ ወዳጅ መጽሐፍ የለውም።

የቅርቡም ጌታ ጥበቃ ወሰን ነበረው። ኦኔሲሞስ በኦሮምኛ መስበካቸው ሕዝቡን ሳበ። ኦሮምኛ የማይሰሙ ካህናት ምን እንደሚባል ባለማወቃቸው ተጠራጠሩ፤ የሕዝቡም መሳብ አሳሰባቸው። ስለ እመቤታችን የማይገባ ቃል ተናገሩ ተብለው ተከሰሱ። በግንቦት 1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርበው ከአገር እንዲወጡ ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ ፈቀዱ፤ ስብከት ግን ከለከሏቸው። ከዚህ በኋላ ኦኔሲሞስ በትምህርት ቤቱ ሥራ ተወስነው ቈዩ። የመስበክ ፈቃድ ያገኙት ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1916 ከልጅ ኢያሱ ነው።

በዚህ ነገር የነቀምት ጌታ ጥበቃ ምን ያህል እንደሚደርስ ይታያል። በአገራቸው ውስጥ የወደዱትን ማስጠጋት ይችላሉ፤ ጉዳዩ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ግን እርሳቸው ራሳቸው ገባር ናቸው። ያም ሆኖ በእነዚያ ዐሥር ዓመታት ትምህርቱ አልተቋረጠም። ስብከት ሲከለከል ማስተማር ተተካ፤ አስቴርና ሌሎችም መምህራን በነቀምት ሴቶችና ልጆችን ማስነበብ ቀጠሉ። ኦኔሲሞስ በሰኔ 1931 ሞቱ፤ አስቴር ደግሞ እስከ 1964 በሕይወት ነበሩ።

ሁለቱ ሰጪዎች ሲቋረጡ

ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በ1920ዎቹ ዓመታት ዐርፈው ልጃቸው ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ተተክተው ነበር። በ1936 ጣልያን አገሩን ሲይዝ የለቃ ጌቶች የአገዛዝ ዘመን አከተመ። የስዊድን መልእክተኞችም በጣልያን ትእዛዝ ተባረሩ። በአንድ ጊዜ የቅርቡም ጌታ የሩቁም ወዳጅ ጠፉ፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ገንዘብና ደብዳቤም ቆመ።

በሰው ግምት ትምህርቱና ማኅበሩ እዚያው መበተን ነበረባቸው። የሆነው ግን ሌላ ነው። በወለጋ የቀሩት መምህራንና ምእመናን በራሳቸው ዐቅም መሰብሰብ ቀጠሉ። ቤታቸውን ለመሰብሰቢያ ሰጡ፤ ለሰባኪው ከእህላቸው አካፈሉ፤ ከሩቅ ሲመጣ የቈየው ነገር በአገሩ የደቦ ልማድ ተተካ። ስዊድናውያን ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ያገኙት የራሱ መሪዎች ያሉት ማኅበር ነበር። ከዚህም ነገር ተነሥቶ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በጥር 1959 ተቋቋመች።

መጻሕፍቱ ግን እንደ ሰዎቹ አልበረቱም። መንግሥት በ1944 ባወጣው የሚሲዮኖች ደንብ የትምህርት ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ታዘዘ፤ የአገር ቋንቋ ተማሪው አማርኛ እስኪለምድ ድረስ በቃል ብቻ እንዲያገለግል ተወሰነ። የማተሚያ ሥራ በመንግሥት ድጋፍ በአዲስ አበባ እየሰፋ ሄዶ ነበር። በ1921 የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ብዙ አገልግሏል። ይህ የመንግሥት ቸርነት ለኦሮምኛ አልደረሰም፤ የሩቁ ወዳጅም ቢሆን ሕጉን ሊሻር አይችልም ነበር። በኦሮምኛ በይፋ መታተም እንደ ገና የተጀመረው ከ1974 ለውጥ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ በፊደል የተጻፈው በሪሳ የተባለው ጋዜጣ ወጣ። ሰው በሰው ልብ የያዘውን ልማድ ሰጪ ቢቀርም ያቆየዋል፤ ፊደልና ወረቀት የሚጠይቅ ሥራ ግን ፈቃድና ገንዘብ ሲነፈገው በአንድ ትውልድ ውስጥ ይደርቃል።

ተቀባዩ ለሰጪው የጻፈው ደብዳቤ

የዚህ ታሪክ የመጨረሻ ምዕራፍ ከወለጋ ሰዎች የወጣ ነው። አማኑኤል አብርሃም በ1913፣ ጉዲና ቱምሳ በ1929 በቦጂ ተወለዱ። አንደኛው የመንግሥት አምባሳደርና ሚኒስትር፣ በኋላም የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ፕሬዚደንት ሆኑ፤ ሁለተኛው የዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሓፊ ሆነው በ1979 ተገደሉ።

በእነርሱ መሪነት ቤተ ክርስቲያኗ በ1972 በጄኔቭ ላለው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና በእርሱ በኩል ለሚረዱ አብያተ ክርስቲያናት ደብዳቤ ጻፈች። የነገሩም ፍሬ ይህ ነው፤ የአውሮፓ ሰጪዎች ለሆስፒታል፣ ለትምህርት ቤትና ለልማት ሥራ በቀላሉ ይሰጣሉ፤ ለአገሩ መሪዎች ማሠልጠኛና ለቤተ ክርስቲያኗ ዋና ተልእኮ ግን አይሰጡም። መመዘኛው የተወሰነው በሰጪው አገር ነው፤ ተቀባዩ ለሰው ልጅ የሥጋና የነፍስ ፍላጎት አንድነት ያለውን ግንዛቤ ግን አልጠየቁትም። ይህ ደብዳቤ በዓለም አብያተ ክርስቲያናት መካከል ብዙ ክርክር አስነሣ፤ በጥቅምት 1974 በናይሮቢ በዚሁ ጉዳይ ላይ ጉባኤ ተደረገ።

ከምንኩሉ እስከ ጄኔቩ ደብዳቤ ያለው ርቀት ብዙ ነው። በ1894 ተቀባዩ የራሱን ጉዳይ በሰጪው ጉዳይ ጎን በዝምታ አኖረ፤ በ1972 በፊርማውና በማኅተሙ ተናገረ። ሁለቱም የአንድ ሐሳብ መንገዶች ናቸው። ስጦታ ተቀባዩን የሚያከብረው ተቀባዩ ሐሳቡን ሊጨምርበት ሲችል ነው። የ1972ቱን ደብዳቤ ለመጻፍ ያስቻለውም ሰጪው በሌለበት ዘመን ሥራውን በራሱ ደቦ ያቆየ ሕዝብ መኖሩ ነው።

መደምደሚያ

በነቀምት የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት ዛሬ በቅርስነት ይጠበቃል፤ ከተማይቱም የወለጋን ሕዝብ ቅርስ የሚያሳይ ሙዚየም አላት። ቤተ መንግሥቱን የሚያይ ሰው የጌታውን ስም ይሰማል። የ1899ኙን መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነሣ ሰው የተርጓሚውን ስም ያነሣል። የስዊድን ሚሲዮን ታሪክ የሚያነብ ሰው የማኅበሩን ስም ያገኛል። ይህ ሁሉ የሚገባ ነው። የታሪኩ ሚዛን የሚስተካከለው ግን ከእነርሱ ጋራ ቃሏን የሰጠችውን አስቴርን፣ ሹራብ ሠርታ ገንዘቡን የላከችውን ስሟ ያልታወቀ ስዊድናዊት፣ በጣልያን ዘመን ቤቱን ለመሰብሰቢያ የከፈተውን የወለጋ ገበሬ በአንድነት ስንቈጥር ነው።

የጥንቱ የብራና ጸሓፊ የጻፈውንና ያጻፈውን በአንድ ምርቃት ሲያነሣ ይህን ያውቅ ነበር። ለሙዚየም፣ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለቃል ሥነ ጽሑፍ ማሰባሰቢያ ድጋፍ የሚሻ የዛሬ ማኅበርም ከወለጋ ታሪክ የሚማረው አለ። ከሩቅ ለሚመጣ ገንዘብ በቅርብ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል፤ የቅርቡም ጠባቂ ዐቅሙ የት እንደሚያበቃ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ከሁሉም በፊት ደግሞ ሁለቱ ቢጠፉ ሥራውን የእኔ ነው ብሎ የሚሸከም ሕዝብ መኖር አለበት። ይህ ሦስተኛው ሰጪ ስሙ በመዝገብ ሳይገባ የቀረበት ዘመን ብዙ ነው። መዝገቡን የማሟላቱ ሥራ ለታሪክ ተማሪዎች የተተወ ነው።